ጥገኛው ሣር

ሴት ዶሮ አታርድም በሚባልበት ቤት ነው ያደግኩት፤ ቢፈቀድልኝም አላርድም ነበር። ባሌ የዶሮዋን አንገት ሲይዝ ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን የምደፍን ሰው ነኝ። ይህችው ፈሪ ሴት አንድ ቀን በቀትር፣ የሽንኩርት ቢላዋ ይዛ የጎረቤቷን ላም ጎን ወጋች። ላሟ የራሴ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ሰርግ ቤት የሚወራ ሳቅ ሆኖ ይቀር ነበር። የእኔ አለመሆኗ ነው ጣጣው።

የአካባቢያችን ሰው ለምን እንደፈራሁ ሳልነግረው ይገባዋል። ሌሎቻችሁ እንድትረዱኝ ግን ከሣሩ መጀመር አለብኝ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሣርና ከአንዲት ቃል ነውና።

የሁሩታ ልጅ ነኝ። ደጀኔን አግብቼ ከሳጉሬ በላይ ካለች ደጋ መንደር ስገባ፣ ከብት ማለት ለእኔ የወተት ጣሳ ማለት ነበር። ቀስ በቀስ ለመድኩ። የደጀኔ ቅድመ አያት ከሸዋ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ሰው ናቸው። ከኦቦ ከድር ቤተሰብ ጋር ያለን ጉርብትና በአያቶች ዘመን የጀመረ ነው። ኦቦ ከድር ጠና ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ገበሬ ናቸው። ባለቤታቸው ሐሊማ ግን የእኔ እኩያ ናት፤ ወሬ አያልቅባትም። የግጦሹ መሬት የእኛ ነው፣ ምንጩ የእነሱ። ከብቶቻቸው እኛ ዘንድ ይግጣሉ፣ ከብቶቻችን እነሱ ዘንድ ይጠጣሉ። እነሱ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ስለሆንን አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ከሥጋ በቀር ግን ያልተካፈልነው ነገር ትዝ አይለኝም።

በግጦሹ ላይ ሣርና ማገት ይበቅላል። ማገት ያቺ ሦስት ሦስት ቅጠል ያላት፣ ክረምቱ ሲገባደድ ሐምራዊ አበባ የምታወጣው ተክል ናት፤ በኦሮምኛ ሲዲሳ ይሏታል። የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ ሃዊ የምትባል ወጣት ነች። አንድ ቀን ግጦሹ መሃል ቆማ አንዲት ማገት ከነሥሯ ነቀለችና፣ ሥሯ ላይ የተንጠለጠሉትን ጥቃቅን እብጠቶች በጣቷ እየነካካች አሳየችን።

"ፋብሪካዋ ይኼ ነው" አለች። "ማገት ናይትሮጅን ከአየር ወስዳ እዚህ ታዘጋጃለች፤ ዩሪያ ብላችሁ የምትገዙትን ማለት ነው። ሣሩ ይህን ማድረግ አይችልም። የእሷ ሥርና ቅጠል ሲበሰብስ የሚተርፈውን እሱ ይመገባል። ሣሩ የማገት ጥገኛ ነው።"

ሃዊ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛዋ የትምህርት ቤት ነው። ጥገኛ ስትል የተጠጋ ማለቷ ነበር። ደጀኔ ግን ያን ሰሞን ለከብቶቹ የጥገኛ መድኃኒት ገዝቶ ሲያጠጣ ከርሟል። ለእሱ ጥገኛ ማለት የላም አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ደሟን የሚመጥ ትል ነው። ሌላም ነገር አለ። ልጅ ሳለ፣ ገበያ መሃል አንድ ሰው አባቱን "አንተ ጥገኛ" ብሎ ሲሰድባቸው አጠገባቸው ቆሞ ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል በሰላም ሰምቶት አያውቅም።

"እንግዲያው ይነቀላላ" አለ ማታውኑ።

"ምኑ?"

"ሣሩ ነዋ። ማገቷ ለፍታ የምታመጣውን ቁጭ ብሎ የሚበላው።"

ክረምቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ከግጦሽ ላይ ሣር ሲነቅል ከረመ። ሐሊማ በአጥር በኩል አይታው "ቡዜ፣ ባልሽን ጠበል ውሰጂው እንጂ" ብላኛለች። ስሜ ብዙነሽ ነው፤ ቡዜ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ክረምቱ ሲያልቅ ግን ሳቁ ቆመ። ግጦሹ መሬት የማያሳይ፣ ለምለም ማገት ብቻ ሆነ። ደጀኔም "አያችሁ?" እያለ መንደሩን ዞረ።

ጊዜው ደግሞ ደግ አልነበረም። ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ከሩቅ ክፉ ወሬ ይመጣል፣ በስልክ ይዞራል፣ ማታ ሰው በሩን ቀደም ብሎ ይዘጋል። በእኛ መንደር ማንም ማንንም አልነካም፤ ሰላምታው ግን አጥሮ ነበር። ከጋራው ማዶ "የእገሌ በሬ ተመርዞ ሞተ" የሚል ወሬ መጥቶ፣ እውነት ይሁን ውሸት ሳይጣራ፣ ሰው ሁሉ ከብቱን ከቤቱ ጥግ ማሰር ጀመረ። እኔና ሐሊማ እንደ ድሯችን ነበርን። ባሎቻችን ግን ሰላም ሲባባሉ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

በዚህ መሃል ከጋራው ማዶ አንድ ትልቅ ሰው ሞቱና የመንደሩ ሙስሊም በሙሉ ለቀብር ወጣ። ደጀኔ ጥርሱን ሌሊቱን ሲያመው አድሮ፣ ሊያስነቅል በጠዋቱ ሚኒባስ አሰላ ሄዷል። ሐሊማ ሻሿን እያስተካከለች መጣችና የዳማን ገመድ እጄ ላይ አኖረችው። ዳማ ያለቻቸው አንድ የምትታለብ ላም ናት፤ ደግሞም ከብዳለች።

"ከትናንት ጀምሮ አፏን አላሟሸችም" አለችኝ። "በለቅሶው ስንዋከብ ረሳናት። ዳማን አደራ።"

"ሂጂ ባክሽ፣ የአንቺን አደራ በልቼ የት እገባለሁ?" አልኳት።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ማገቱ ላይ ውኃው ገና አልደረቀም። የእኛዋ ቦራ በጠዋት ገለባዋን ስትበላ ቆይታለች። ዳማ ግን ጎኗ ገብቷል፤ አዘንኩላት። ለእንግዳ ምርጡ ነው የሚቀርበው ብዬ ሁለቱንም ወደ ማገቱ ለቀቅኳቸውና ድንች ላወጣ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ስመለስ ቦራ ተኝታ ታመሰኳለች። ዳማ ጥግ ላይ ለብቻዋ ቆማለች። አትግጥም፣ አታመሰኳም፣ ጅራቷንም አታወዛውዝም። ቀረብ ስል የግራ ጎኗ ከወገቧ በላይ ወጥቷል። በመዳፌ መታ ባደርገው እንደ ከበሮ ጮኸ። አንገቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

ሐሊማ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ጠራ፤ የሚጠራው ግን ከአጥሩ ማዶ፣ ከተቆለፈው ቤታቸው ውስጥ ነው። ረስታው ሄዳለች። ያ ባዶ ቤት ውስጥ የሚጮህ ስልክ እስካሁን ሕልሜ ውስጥ ይመጣል። ደጀኔ ጋ ደወልኩ። አነሳው፤ አፉ በጥጥ ተሞልቷል። እሱ የሚለው ለእኔ አልገባኝም፣ እኔ የምለው ለእሱ አልገባውም። በመጨረሻ ሳጉሬ ያለው የእንስሳት ሐኪም ጋ ደወልኩ፤ ከብቶቻችንን ሲከትብ ያውቀኛል።

"እትዬ ብዙነሽ፣ ምን በልታ ነው?"

"ማገት።"

"ብቻውን? ሣር የለውም ግጦሹ?"

"ነቅለነዋል።"

"ምን አደረጋችሁ?"

"ነቅለነዋል አልኩህ።"

ከዚያ ቶሎ ቶሎ ይናገር ጀመር። የራባት ላም እርጥብ ማገት ብቻ ከበላች ጨጓራዋ ውስጥ አረፋ ይሞላል፤ አየሩ በአረፋው ተይዞ አይወጣም፤ ሳንባዋን ይጫንና አፍኖ ይገድላታል። እሱ ሞተር ፈልጎ ይመጣል፤ ግን መንገዱ ጭቃ ነው። "እስክደርስ ላትቆይ ትችላለች" አለኝ። "የምግብ ዘይት በአፏ ያጠጧት። እንጨት አፏ ውስጥ አግድም አስረው ያራምዷት። ከወደቀች ግን ዘይቱ አይደርስላትም። ያን ጊዜ ቢላዋ ነው።"

"ቢላዋ ምን?"

"በግራ ጎኗ፣ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌዋ አጥንት መሃል። ሳይፈሩ እስከ እጀታው ይስደዱት፣ ከዚያ ቀዳዳው እንዳይዘጋ ቢላዋውን ያዙሩት። ሰው የለም እንዴ? ጋሽ ደጀኔስ?"

"የለም። ላሟም የእኛ አይደለችም። የኦቦ ከድር ናት።"

እሱም የአገሩ ሰው ነው፤ የነገርኩት ገብቶታል። "ባለቤቱን ማግኘት አይችሉም?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አልችልም ልለው ስል መስመሩ ተቋረጠ።

ዘይቱን አጠጣኋት፤ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። የወጥ ማማሰያዬን አፏ ውስጥ በገመድ አሰርኩ። እየጎተትኩ ሳራምዳት ጋሽ ወርቁ መጡ። ጋሽ ወርቁ የደጀኔ አባት ጓደኛ የነበሩ አዛውንት ናቸው፤ ከታች ቤት ሆነው ጩኸቴን ሰምተው ነው። ዳማን አዩ፣ ቦራን አዩ፣ ከዚያ በስተጀርባቸው መንገዱን ገልመጥ አደረጉ።

"ወደ ግቢያቸው ንጃት" አሉኝ።

"ለምን?"

"እዚያ ትሙት።"

ገመዱን አጥብቄ ያዝኩ።

"ስሚኝ ልጄ። ላሟ ራሷ ከሞተች የፈጣሪ ሥራ ነው። አንቺ ቢላ ካነሳሽባት ግን የአንቺ ሥራ ነው። ከአንድ ግጦሽ የእናንተ ላም ተኝታ ስታመሰኳ የእነሱ ስትወድቅ ምን ልትይ ነው? ማገት ገደላት? ማን ይሰማሻል? በዚህ ጊዜ?"

"አደራ ብላኛለች፣ ጋሽ ወርቁ።"

"ጠብቂ ነው ያለችሽ፤ ውጊ አላለችሽም። ደግሞ በክርስቲያን እጅ ተወግታ ብትሞት ሥጋዋን አይቀምሱትም። በሕይወት እያለች የሚያርድላቸው የራሳቸው ሰው ፈልጊ።"

"የት አለ ሰው? ሁሉም ቀብር ነው።"

"እንግዲያው እጅሽን አታስገቢ።"

እዚህ ላይ አንባቢዬ ሆይ፣ ጋሽ ወርቁን ክፉ ሰው አድርገህ እንዳታይብኝ። ከእኔ የበለጠ ዘመን አይተዋል፤ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር። እኔም ልክ መሆናቸውን አውቄ ነው ገመዱን ወደ ሐሊማ ግቢ የጎተትኩት። አዎ፣ ጎተትኩት። ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው፤ በዚያው መንገድ ነው የሚመለሱት። እነሱን እያሰብኩ የሰው ላም በሰው ግቢ እንድትሞት ልወስዳት ነበር። ዳማም ተከተለችኝ። የእነሱ አጥር በር ጋ ስንደርስ ግን ቆመች፣ ጉልበቷ ታጠፈ፣ በቀኝ ጎኗ ዘፍ ብላ ወደቀች። ምላሷ ወጣ። ምላሷ ሰማያዊ ነበር።

የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ቤት ሮጬ ያገኘሁትን ቢላዋና የተረፈውን ዘይት ይዤ መጣሁ። ጋሽ ወርቁ "እኔ አላየሁም" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። አልሄዱም ግን፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እዚያው ቆሙ። የመጨረሻውን ጎድን ዳበስኩ፣ የዳሌዋን አጥንት ዳበስኩ። በሥላሴ ስም ብዬ ወጋሁ።

አልገባም። የላም ቆዳ ሽንኩርት አይደለም። ቢላዋዬም የደነዘ ነበር፤ ተንሸራቶ ፀጉሯን ብቻ ላጨ፣ ትንሽ ደም ወጣ። ዳማ ጮኸች አልልም፤ የምትጮህበት ትንፋሽ አልነበራትም። ሁለተኛ በሁለት እጄ ይዤ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። እስከ እጀታው ገባ። አዞርኩት።

ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲተነፍስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ይሆናል ብዬ ነበር። እንደዚያ አልሆነም። መጀመሪያ ትንሽ ፉጨት፣ ከዚያ አረንጓዴ አረፋ፣ ፊቴ ላይ፣ አፌ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ። ሽታው አይነገርም። የተረፈውን ዘይት በቀዳዳው አፈሰስኩበት። ጎኗ ዝቅ ማለት አለማለቱን እያየሁ ሳለ ቀና አልኩ።

በጋራው መንገድ ሰዎች እየወረዱ ነበር። መጀመሪያ ይራመዱ ነበር። ከዚያ ሮጡ።

ምን እንዳዩ አስቡት። የተጋደመች ላም፣ ደም፣ በላይዋ ላይ ቢላዋ የያዘች ክርስቲያን ሴት። ከፊት ኦቦ ከድር ናቸው፤ ከኋላቸው የወንድማቸው ልጅ ጀማል፣ ከዚያ ሌሎች፣ በትር የያዙ። ቢላዋውን ልጥለው ፈለግኩ፤ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።

"ማል ጎታ?" አሉ ኦቦ ከድር። ምን እያደረግሽ ነው ማለታቸው ነው።

በዚያ መንደር ስኖር ኦሮምኛ ጥሩ አድርጌ ለምጃለሁ። ሁሉም ጠፋኝ። አማርኛውም ጠፋኝ። የቀረችኝ አንዲት ቃል ናት።

"ሲዲሳ" አልኩ። "ሲዲሳ ኛቴ። ማገት በልታ ነው፣ ማገት…"

"መርዘዋት ነው" አለ ጀማል። "ያችትና የእነሱ ላም! ከአንድ ቦታ በልታ ምንም አልሆነችም። መርዙ ሲዘገይባቸው በቢላዋ ጨረሷት።"

ኦቦ ከድር ተንበርክከው አረፋውን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። "ቢላዋውን።"

ሰጠኋቸው። በሌላ እጃቸው የዳማን ራስ ቀና አድርገው አንገቷን ወደ ቂብላ አዞሩት። ጀማል "ሳትሞት ይረዷት፣ አጎቴ። ቢያንስ ሥጋዋ ይትረፍ" አለ። ቢስሚላህ እስኪሉ ጠበቅኩ። ካረዷት በኋላ የሚመጣው ሁሉ በዓይኔ ላይ ሄደ፦ ሽማግሌው፣ ካሳው፣ ወሬው፣ ከጋራው ማዶ የሚሻገረው ወሬ።

"ሐኪሙን አናግረሻል?" አሉኝ ኦቦ ከድር ቀና ሳይሉ።

"አናግሬዋለሁ። ከተነፈሰች ትድናለች ብሏል።"

"ትድናለች አለ ወይስ ልትድን ትችላለች?" አሉ፣ አሁን ቀና ብለው እያዩኝ።

ሐኪሙ ሁለቱንም አላለም፤ መስመሩ ቀድሞ ተቋርጧል። ትድናለች ብሏል ብዬ መድገም ነበረብኝ፤ ነፍሴ እንደዚያ በይ ትለኛለች። በዚያ ዓይናቸው ፊት ግን ውሸቱ ሁለተኛ አልወጣ አለኝ።

"እሱን ሳይነግረኝ ስልኩ ተቋረጠ" አልኩ። "እኔ እንጃ፣ ኦቦ ከድር። ልትሞትም ትችላለች።"

ኦቦ ከድር አንገቷን አዩ፣ ጎኗን አዩ። አሁን ካረዱ ሥጋው ይተርፋል፣ ላሟና በሆዷ ያለው ጥጃ ግን ይጠፋሉ። ከጠበቁና ከሞተች ሁሉም ይጠፋል፤ ከእኔ አፍ በቀር ደግሞ የሚጠብቁበት ምክንያት የላቸውም። ቢላዋውን ማገቱ ላይ ጠረጉት። ከዚያ ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት።

"እንጠብቃለን" አሉ።

ጀማል በትሩን መሬት ላይ መታ። ሌላው ሰው ዙሪያውን ቆመ። ዝናብ ጀመረ። ሐሊማ ከሴቶቹ ጋር ወደ ኋላ ቀርታ ነበርና ያኔ ደረሰች። ዳማን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ከቤቷ የላስቲክ ሸራ አውጥታ በዳማና በራሷ ላይ አለበሰች። እኔ ፈንጠር ብዬ፣ በአረፋ እንደተለወስኩ ዝናቡ ላይ ቆሜያለሁ። ልሂድ ብል ሸሸች ይሉኛል፤ ልቅረብ ብል ማን ፈቀደልኝ? ሐሊማ ቀና ብላ ዓይኔን ፈለገች። የሸራውን ጫፍ በእጇ አነሳችልኝ።

"ቡዜ፣ ጠጋ በይ እንጂ" አለች።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ከሸራው ሥር ገብቼ ትከሻዋ ላይ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ የዳማን ጆሮ ብቻ ታሻሽ ነበር። ያ ጆሮ ቀዝቃዛ ነበር። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥን አላውቅም። አንድ ጊዜ ዳማ ትንፋሿ የቆመ መሰለንና ሐሊማ እጄን ጨመቀችው። ከዚያ ከሆዷ ውስጥ ረጅም ግሳት ወጣ። ሌላ ግሳት ተከተለ። ጎኗ ቀስ እያለ ወረደ። በመጨረሻ አገጯ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ።

"አመሰኳች" አለች ሐሊማ፣ በሹክሹክታ።

ሐኪሙ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደረሰና ቁስሉን ሰፋ። ደጀኔም ጉንጩ አብጦ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ መጣ። ሰው ተበተነ። ኦቦ ከድር ዳማን ወደ በረቷ ነዱ። አላመሰገኑኝም፣ አልወቀሱኝም። ቢላዋዬን ካፖርታቸው ውስጥ እንደያዙ ገቡ።

ፍርሃቱ ያበቃ ይመስላችኋል። ለእኔ ገና ያኔ ጀመረ። በማግስቱ ጋሽ ወርቁ መጥተው "ቢላሽን ለምን ወሰደው?" አሉኝ። "ሽማግሌ ፊት ሊያወጣው ነው። ቁስሉ ካመረቀዘና ከሞተች፣ ወይ ጥጃውን ከጣለች፣ ማስረጃው እጁ ላይ ነው።" ደጀኔ ሄዶ ሊጠይቅ ተነሳ፣ በር ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሐሊማ እንደወትሮዋ ትመጣለች፤ ስለ ቢላዋው ትንፍሽ አትልም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ። ጀማል በመንገድ ሲያልፈኝ ሰላም አይለኝም። ውሻ በጮኸ ቁጥር መጡ እላለሁ። ሽንኩርት በሰው ቢላ እየከተፍኩ ከረምኩ።

ሃዊ ግጦሹን አይታ ራሷን ያዘች። "ጋሼ ደጀኔ፣ ሣሩን ማን ንቀሉ አላችሁ?"

"ጥገኛ ነው ብለሽኛል።"

"ተጠግቶ ይኖራል ማለቴ ነበር እኮ።"

ከዚያ ቁጭ ብላ ያልነገረችንን ግማሽ ነገረችን። ሣሩ ከማገቷ የሚተርፈውን መውሰዱ ለእሷም ይጠቅማታል። እሱ አፈሩን ባያራቁትላት ማገቷ ሥራዋን ታቀዘቅዛለች፤ በጠገበ አፈር ላይ ከአየር መሳቧን ትቀንሳለች። ላሟም ሣሩን ከማገቷ ጋር ስትበላ ሆዷ እንደዚያ አረፋ አይሞላም። "ምን ልበለው ታዲያ?" አለች ወደ እኔ ዞራ። እኔም የሚሆን ቃል አላገኘሁላትም። ደጀኔ ግን በሚቀጥለው ዝናብ የሣር ዘር ይዞ ወጣ። ሲዘራ እንደነቀለው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው።

ይህን የጻፍኩት ጀግና ነኝ ለማለት አይደለም። ዛሬም ዶሮ ሲታረድ ጓዳ ነኝ። ጊዜውም ተስተካከለ አልላችሁም፤ ወሬው ይሄዳል ይመጣል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ድሮ ጉርብትና በአያቶቻችን ተጀምሮ ያለቀ፣ እኛ የምንኖርበት ቤት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊፈርስ እንደሚችል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከቅርብ ሰው አፍ እንደሚጀምርም አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩን አቅልዬ አላየውም። እናንተም ሰው "ራስህን አድን" ብሎ ሲመክራችሁ፣ መካሪው ልክ ሊሆን እንደሚችል እወቁ። እኔን ያተረፈኝ ልክ መሆኔ አልነበረም፤ ዳማ አጥሩ በር ላይ ባትወድቅ ምን አደርግ እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

ቢላዋውን ረስቼው አይደለም።

ዳማ ወለደች፤ ሴት ጥጃ። ያን ሰሞን አንድ ጠዋት ደጄ ላይ ሳል ሰማሁ። ኦቦ ከድር ናቸው፤ ብቻቸውን። እጃቸው ካፖርታቸው ውስጥ ነው። "ይግቡ" አልኩ፤ አልገቡም። ቢላዋዬን አወጡ። መጀመሪያ አላወቅኩትም። እጀታው አዲስ የወይራ እንጨት ሆኗል፤ ስለቱ ያብረቀርቃል። ስለቱን በራሳቸው በኩል፣ እጀታውን ወደ እኔ አድርገው ዘረጉልኝ።

"ቁስሏን አይቼዋለሁ" አሉ። "ሁለት ጊዜ ነው የወጋሻት። ቢላሽ ደነዝ ነበር።"

"ይቅርታ፣ ኦቦ ከድር።"

"ይቅርታ በይ አላልኩሽም። ቢላሽን ሳልኩልሽ። ሌላ ቀን እኛ ሳንኖር እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ፣ አንዴ ይበቃል።"

ይህን ብለው፣ ሲመጡ አጥራችን ላይ ያሰሩትን የዳማን ገመድ ፈቱና እጄ ላይ አኖሩት። ገበያ ሊሄዱ ነበር። እኔም ወደ ግጦሹ ሳልለቃት መጀመሪያ ገለባ አበላኋት።